ስካኑ «ባዶ» ነው ማለት በሽታው የለም ማለት አይደለም

(ለፓራታይሮይድ ሕመምተኞች፣ ለቤተሰቦቻቸውና ለጤና ባለሙያዎች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ? ክቡራትና ክቡራን፣ ሕመምተኞችና አስታማሚዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ። ኑ ተቀመጡ። አይዟችሁ፣ ማንንም አስነስቼ አልጠይቅም።

እኔ ራዲዮሎጂስት ነኝ። እንጀራዬ ምስል ማንበብ ነው። ስለዚህ ዛሬ ማሽኖቹን ሳወድስ እንደምውል ጠብቃችሁ ይሆናል። አወድሳቸዋለሁም። ግን ከዚያ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ደጋግሜ ስለምለው እንዳትሰለቹኝ። የፓራታይሮይድ ስካን፣ ማለትም ሆርሞን ከልክ በላይ የሚያፈስ የአንገት እጢ የምንፈልግበት ምስል፣ በሽታው መኖር አለመኖሩን አይወስንም። ስካኑ አድራሻ ነው የሚፈልገው። በሽታው መኖሩን የሚነግረን ደም ነው፣ ደም ነው፣ ደም ነው! ስካኑ የሚመልሰው «የት ነው ያለው?» የሚለውን ብቻ ነው። እሱንም ሁልጊዜ አይመልስም።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ በሽታው እንዴት ይረጋገጣል? ሁለተኛ፣ ያበጠውን እጢ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በምን በምን እንፈልገዋለን? ሦስተኛ፣ ፈልገን ስናጣውስ? ሁለተኛው ላይ ረዘም ብዬ መቆየቴ አይቀርም። ሙያዬ ስለሆነ ካላስቆማችሁኝ አላቆምም።

እሺ፣ አንደኛው።

አንገታችን ላይ፣ ከታይሮይድ እጢ ጀርባ፣ አብዛኛውን ጊዜ አራት ትንንሽ እጢዎች አሉ። ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። ጤነኛዋ አንዷ እጢ ከ30 እስከ 50 ሚሊግራም ብትመዝን ነው። ርዝመቷም ግማሽ ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ከታይሮይድ ጋር ይጎራበታሉ እንጂ ሥራቸው አይገናኝም። ብዙ ሰው «እንቅርት ነው እንዴ?» ብሎ ይጠይቀኛል። አይደለም።

ሥራቸው የደማችንን ካልሲየም መጠበቅ ነው። ካልሲየም ዝቅ ሲል ሆርሞናቸውን ይለቃሉ። ሆርሞኑ ከአጥንት ካልሲየም ያስወጣል፤ ኩላሊት በሽንት እንዳያባክን ያደርጋል፤ በቫይታሚን ዲ በኩል ደግሞ አንጀት ከምግብ የበለጠ እንዲወስድ ያግዛል። ካልሲየም በቂ ሲሆን ሆርሞኑ ይቀንሳል። ጤነኛ ሰው ላይ እንዲህ ነው።

ታማሚው ላይስ? አንዷ እጢ አልታዘዝም ትላለች። ካልሲየሙ ሞልቶ እያለ እሷ ሆርሞኗን ታፈሳለች። አጥንት ይሳሳል፤ ኩላሊት ጠጠር ይሠራል፤ ሰውየው ይደክመዋል፣ ውሃ ውሃ ይለዋል፣ ሆድ ድርቀት ይይዘዋል፣ ሐሳቡን መሰብሰብ ያቅተዋል። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይሰማውም፤ ለሌላ ጉዳይ ደም ሲሰጥ ነው የሚገኘው። ከ100 ታማሚ ከ80 እስከ 85ቱ ላይ ጥፋተኛዋ አንዲት እጢ ብቻ ናት፤ አዴኖማ እንላታለን፤ ካንሰር አይደለችም። በቀሩት ላይ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ እጢዎች ያጠፋሉ። ካንሰር ሆኖ የሚገኘው ከ100 አንድ እንኳ አይሞላም። ይህችን የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር ለቤተሰብ ንገሩ፤ «እጢ» ሲባል ቤቱ ሁሉ ለቅሶ እንዳይቀመጥ።

ታዲያ እንዴት ይረጋገጣል? ካልሲየምና የፓራታይሮይድ ሆርሞን በአንድ ጊዜ በተቀዳ ደም ይለካሉ። ሆርሞኑን የላብራቶሪ ወረቀታችሁ ላይ ፒቲኤች ተብሎ ታገኙታላችሁ። እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ካልሲየም ከፍ ሲል ጤነኛ እጢ ሆርሞኑን ዝቅ ማድረግ አለበት። ስለዚህ ካልሲየሙ ከፍ ብሎ ሆርሞኑ «ኖርማል» ከሆነ ያ ኖርማል አይደለም! ወረቀቱ ላይ ቀይ ምልክት ስለሌለ ብቻ «ሆርሞንህ ደህና ነው» ተብሎ የተመለሰ ሰው ስንት አለ መሰላችሁ?

ከዚያ የ24 ሰዓት ሽንት ይሰበሰባል። ለምን? በዘር የሚተላለፍ፣ ካልሲየምን ከፍ የሚያደርግ፣ ነገር ግን በቀዶ ሕክምና የማይድን ሌላ ሁኔታ አለ። እነዚህ ሰዎች ሽንት ውስጥ የሚወጣው ካልሲየም አነስተኛ ነው። እነሱን ኦፕራሲዮን ማድረግ በከንቱ ማቁሰል ነው። መድኃኒትም ይጠየቃል። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጠው ሊቲየምና ታያዛይድ የሚባሉት ለደም ግፊት የሚወሰዱ የሽንት መድኃኒቶች ካልሲየምን ከፍ ያደርጋሉ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚዋጠው ባዮቲን ደግሞ አንዳንድ የላብራቶሪ መሣሪያዎችን ያሳስታል፤ ሆርሞኑን ከእውነተኛው ዝቅ አድርጎ ያሳያል። እና እባካችሁ፣ «ይሄ እንኳ መድኃኒት አይደለም» ብላችሁ አትተዉት፤ ተናገሩ።

ደሙ ሳይረጋገጥ ስካን አትነሱ። አንድ ጎልማሳ ሰውዬ ወደ እኔ መጣ። አንገቱን በሌላ ምክንያት አልትራሳውንድ ታይቶ «ፓራታይሮይድ ሊሆን ይችላል» ተብሎ ተጽፎለታል። እንቅልፍ የለውም። ካልሲየሙ ግን ፍጹም ጤነኛ፣ ሆርሞኑም ጤነኛ። እኔም አየሁት። ንፍፊት ነው፤ ማንም ሰው አንገቱ ላይ ያለው ዓይነት። መጀመሪያ ደም ቢታይለት ኖሮ ያንን ሁሉ ሌሊት ይተኛ ነበር።

ወደ ሁለተኛው ልግባ። ፍለጋው።

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ፤ ስለምወደው ነው። እነዚህ እጢዎች ለብዙ ዘመን ማንም አላያቸውም። በ1850 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ኦወን የተባለ እንግሊዛዊ በለንደን የእንስሳት ማቆያ የሞተ የሕንድ አውራሪስ ገላ ሲመረምር አንገቱ ላይ አንዲት ትንሽ እጢ አገኘ። አስቡት እንግዲህ፤ በመጀመሪያ የታየችው አውራሪስ ላይ ነው! በሰው ላይ በ1880 የገለጻቸው ኢቫር ሳንድስትሮም ነው፤ በስዊድን ኡፕሳላ የሕክምና ተማሪ ነበር። በ1925 ደግሞ ቪየና ውስጥ ፊሊክስ ማንድል አጥንቱ ተሰባብሮ የሚሠቃይ የትራም ሠራተኛ ላይ ያበጠችውን እጢ አወጣ። ሰውየው ተሻለው። በሽታው በቀዶ ሕክምና እንደሚታከም ያኔ ታወቀ።

ግን እጢዋ ባትገኝስ? ቻርልስ ማርቴል የሚባል የመርከብ ካፒቴን ነበር፤ አሜሪካዊ። ቁመናው ያማረ ረጅም ሰው። በሽታው አጥንቱን በላው፤ ቁመቱ 18 ሴንቲሜትር ያህል አጠረ። ቀዶ ሐኪሞች አንገቱን ከፈቱ፤ አላገኙም። ደግመው ከፈቱ፤ አላገኙም። እንደገና ከፈቱ፤ አላገኙም። ሰውየው ራሱ የሕክምና መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመረ። በመጨረሻ «ደረቴን ክፈቱና እዩ» አለ። በ1932 ቦስተን፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፣ በሰባተኛው ኦፕራሲዮን እጢዋ ደረቱ ውስጥ ተገኘች። ያሳዝናል፤ ኩላሊቱ በጠጠር ተጎድቶ ስለነበር ከሳምንታት በኋላ አረፈ።

ያ ሰው ዛሬ ቢሆን ደረቱ ውስጥ ያለችውን እጢ አንድ ቀጠሮ ላይ ልናይለት እንችል ነበር። ሙያዬን የምወደው ለዚህ ነው።

ደረት ውስጥ ምን ልትሠራ ሄደች? ጥሩ ጥያቄ ነው። ፅንስ እያለን እነዚህ እጢዎች የሚፈጠሩት አሁን ካሉበት ቦታ ከፍ ብለው ነው። ከዚያ ወደ ታች ይወርዳሉ። የታችኞቹ ሁለቱ ቲመስ ከሚባለው እጢ ጋር አብረው ነው የሚወርዱት። ቲመስ መዳረሻው ደረት ነው። አንዳንዴ የታችኛዋ ፓራታይሮይድ በጊዜ ሳትለያይ ቀርታ አብራው ደረት ትገባለች። አንዳንዴ ደግሞ ሳትወርድ ከመንጋጋ ስር ትቀራለች። የላይኞቹ ጉዟቸው አጭር ስለሆነ ብዙም አይባዝኑም፤ ሲያብጡ ግን ክብደታቸው ወደ ኋላ ይጎትታቸውና ከምግብ ቧንቧ ጀርባ ይደበቃሉ። ታይሮይድ ውስጥ የተቀበሩም አሉ። አምስተኛ እጢ ያለው ሰውም አለ። ስለዚህ የፍለጋው ክልል ከመንጋጋ እስከ ልብ አጠገብ ነው። ለግማሽ ሴንቲሜትር ነገር ሰፊ አገር ነው!

አሁን መሣሪያዎቹ።

የመጀመሪያው አልትራሳውንድ ነው። ጨረር የለውም፣ መርፌ የለውም። እስቲ ክፍሉ ውስጥ ላስገባችሁ። ታካሚዋ በጀርባዋ ትተኛለች። ትከሻዋ ስር ትራስ እናደርጋለን፤ አንገቷ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ጄሉ ይቀዘቅዛል፤ ሁሉም «ውይ!» ይላል። መብራቱን እቀንሳለሁ። ስክሪኑ ላይ ታይሮይድ ነጣ ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል። ከጀርባው ጠቆር ያለ ሞላላ ነገር ብቅ ካለ ወንበሬን ጠጋ አደርጋለሁ። የደም ፍሰት የሚያሳየውን ዶፕለር አበራለሁ። አዴኖማ ከሆነች ብዙ ጊዜ አንዲት ደም ስር ከአንድ ጫፏ ገብታ ጠርዟን ስትከብ ትታያለች። ንፍፊት ከሆነ ግን ደም ስሩ የሚገባው ከመሃል ነው፤ መሃሉም ነጣ ይላል።

በግራ በኩል ደግሞ አንድ አታላይ አለ። የምግብ ቧንቧ ከታይሮይድ ጀርባ ትንሽ ወጣ ብሎ ልክ እንደ እጢ ይታያል። ያኔ «እናቴ፣ እስቲ ምራቅዎን ይዋጡ» እላለሁ። ሲውጡ መሃሉ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል አረፋ ያልፋል። በቃ፣ እጢ አይደለም። አንገት ወደ ጎን ማዞርም ጠቃሚ ነው፤ ከኋላ የተደበቀችው አንዳንዴ ያኔ ብቅ ትላለች።

የአልትራሳውንድ ችግሩ ምንድን ነው? አየርና አጥንት አያሳልፈውም። ከአየር ቧንቧ ጀርባና ከደረት አጥንት ስር ያለውን አያይም። ሁለተኛው ችግር ሰው ነው። ማሽኑ ያው፣ አንገቱ ያው፣ እጁ ሌላ ከሆነ ውጤቱ ሌላ ነው። ይህን ሥራ ዘወትር የሚሠራና አልፎ አልፎ የሚሠራ ሰው እኩል አያዩም። ባልደረቦቼ እንዳትቀየሙኝ፤ ሁላችንም የምናውቀው እውነት ነው። አንድ ትልቅ ጥቅሙን ግን ሳልናገር አላልፍም። ታይሮይዱንም አብሮ ያሳያል። ታይሮይድ ላይ የሚያጠራጥር እብጠት ካለ ቀዶ ሐኪሙ ቀድሞ ያውቅና አንገቱ አንዴ ሲከፈት ሁለቱም ጉዳይ ያልቃል።

ሁለተኛው ሴስታሚቢ የሚባለው የኒውክሌር ሜዲሲን ስካን ነው። ሴስታሚቢ መጀመሪያ የተሠራው ለልብ ምርመራ ነው። ለፓራታይሮይድም እንደሚሆን የታወቀው በ1989 አካባቢ ነው። ቴክኒሺየም ከሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ጋር ተያይዞ ክንድ ላይ በደም ስር ይሰጣል። ሚቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሴል ኃይል ማመንጫ፣ የበዛባቸው ሴሎች ይወስዱታል፤ አዴኖማ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በእነሱ የተሞላች ናት። ታይሮይድም ይወስደዋል። ስለዚህ ሁለት ጊዜ ፎቶ እናነሳለን። አንዱ ከመርፌው በኋላ ወዲያው፣ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ። ሌላው ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ቆይቶ። ታይሮይድ ቶሎ ያጥበዋል፤ አዴኖማዋ ግን ይዛ ትቆያለች። በሁለተኛው ፎቶ ላይ ሌላው ደብዝዞ የቀረችው ነጥብ እሷ ናት።

ለዚህ ነው «ሂዱና ቆይታችሁ ተመለሱ» የምትባሉት። ሠራተኞቹ ረስተዋችሁ አይደለም! አንዳንዱ ሰው ተናዶ ወደ ቤቱ ይሄድና ዋናውን ፎቶ ሳይነሳ ይቀራል። እባካችሁ ጠብቁ።

ስለ ጨረሩም ይጠየቃል። የቴክኒሺየም ኃይል በየ6 ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ በማግስቱ ያለው ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ልሆን እችላለሁ የምትል ሴት ቀድማ ትናገር። ለነፍሰ ጡር አልትራሳውንድ ነው የሚደረገው። የምታጠባ እናትም ትናገር።

ዛሬ ይህ ስካን ከሲቲ ጋር ተጣምሮ ነው በብዛት የሚነሳው። ነጥቧ ከፊት ናት ወይስ ከኋላ፣ ከላይ ናት ወይስ ከታች የሚለው የሚታወቀው በዚህ ነው። ጠፍጣፋ ፎቶ ብቻ ያለው ቀዶ ሐኪም «በግራ በኩል» የሚል ወሬ ብቻ ነው ያለው። ደረት ውስጥ የገባችዋንም ይህ ስካን ያያታል። ድክመቱ ግን፣ ትንሽ እጢን ይስታል፤ ሁለት ሦስት እጢ ሲታመም ግራ ይጋባል፤ የታይሮይድ እብጠት ደግሞ ቀለሙን፣ ማለትም ሴስታሚቢውን፣ ይዞ ያታልለዋል።

አልትራሳውንዱና ሴስታሚቢው ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ሲጠቁሙ ግን ደስ ይላል። ቀዶ ሐኪሙ አንገቱን በሙሉ ሳይፈትሽ በትንሽ ቀዳዳ ቀጥታ ወደዚያው መሄድ ይችላል።

ሦስተኛው ባለ አራት ገጽታ ሲቲ ነው። አራተኛው ገጽታ ጊዜ ነው። አዮዲን ያለው፣ ምስሉን የሚያጎላ ኮንትራስት የሚባል መድኃኒት ይሰጥና ያው ቦታ በተለያየ ቅጽበት ይነሳል። አዴኖማ ደም የጠማት ናት። ኮንትራስቱ ሲደርስ ቦግ ትላለች፤ ብዙም ሳትቆይ ትደበዝዛለች። ታይሮይድ ግን ከኮንትራስቱ በፊትም በራሱ አዮዲን ብሩህ ነው። ንፍፊት ደግሞ ቀስ ብሎ ነው የሚበራው። ልዩነቱን የምናነበው በዚህ ነው። በ2006 ነው በዚህ ስሙ የታወቀው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ምርመራዎች ሳይስማሙ ሲቀሩ ወይም ሰውየው ድጋሚ ኦፕራሲዮን ሲሆን በጣም ይረዳል። ጨረሩ ግን ከፍ ይላል፣ በተለይ ታይሮይድ ላይ፤ ወጣት ላይ ቆም ብለን እናስባለን። ኩላሊቱ የደከመ ወይም ኮንትራስት የሚያስቆጣው ሰው ቀድሞ ይንገረን።

አራተኛው ፔት ስካን ነው፤ ፍሎሮኮሊን በሚባል መድኃኒት የሚነሳው። የፕሮስቴት ካንሰር ያለባቸው ወንዶች በዚህ ሲመረመሩ አንገታቸው ላይ ያልታሰበ ነጥብ በራ። ሲታይ ፓራታይሮይድ ሆኖ ተገኘ። አጋጣሚ ማለት ይሄ ነው! ሴስታሚቢ የሳታቸውን ትንንሽ እጢዎች ብዙ ጊዜ ያገኛቸዋል። በየቦታው ግን አይገኝም።

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ያለው ከየደም መላሹ ናሙና መቅዳት ነው። ከጭን በቀጭን ቱቦ ገብተን አንገትና ደረት ውስጥ ካሉት ደም መላሾች ከየቦታው ደም እንቀዳለን፤ ሆርሞኑ የት ጋ እንደሚጨምር እናያለን። ከባድ ሥራ ነው። አስቀድሞ ኦፕራሲዮን ሆኖ ላልዳነ፣ ሌላው ምርመራ ሁሉ ግራ ላጋባበት ሰው ነው የሚቀመጠው። ለመጀመሪያ ኦፕራሲዮን «እሱም ይደረግልኝ» እንዳትሉ።

«መርፌ ተወግቶ ናሙና ቢወሰድስ?» የምትሉ አላችሁ። በደም የተረጋገጠ በሽታ ላይ ለወጉ ያህል መውጋት አያስፈልግም። እጢዋ ስትወጋ ዙሪያዋ ይጣበቅና ለቀዶ ሐኪሙ ያስቸግራል፤ ሴሎቿም ሊበተኑ ይችላሉ። በጣም ለተለየ ጉዳይ ብቻ ነው የሚደረገው።

ትንሽ ልውጣ ከነገሩ። ብዙ አብሬው የሠራሁት አንድ ቀዶ ሐኪም ነበር። ሪፖርቴን አንብቦ አያውቅም! ያናድደኝ ነበር። ይልቅ ከኦፕራሲዮኑ በፊት እኔ ወደማነብበት ጨለማ ክፍል ይመጣና «ሪፖርትህን ተወው፤ በጣትህ አሳየኝ» ይለኝ ነበር። ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደርጋለሁ። «ከምግብ ቧንቧው ፊት ነው ኋላ? የድምፅ ነርቩ የት ጋ ያልፋል? የላይኛዋ ወርዳ ነው ወይስ የታችኛዋ ራሷ?» ጥያቄው አያልቅም። ከዚያ ከኦፕራሲዮን ክፍል ያስደውላል። «እዛው ናት» ካለ ቀኔ ያምራል። «የለችም» ካለ ደግሞ ምስሉን እንደገና እከፍተዋለሁ። እኔ ከዚህ ሰው የተማርኩትን ከብዙ ኮርስ አልተማርኩም። ለእናንተ ለሕመምተኞች ይሄ ምን ያደርግላችኋል? ምስሉን ራሱን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። ቀዶ ሐኪሙ በገዛ ዓይኑ ማየት አለበት።

አሁን ሦስተኛው። የመጣሁት ለዚህ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንዲት እናት ነበሩ። ካልሲየማቸው ከፍ ያለ፣ ሆርሞናቸው ከፍ ያለ፣ ኩላሊታቸው ጠጠር የሠራ፣ አጥንታቸው የሳሳ። ሴስታሚቢ ተነሱ። ወረቀቱ «ያልተለመደ ነገር አልታየም» ይላል። ያዘዘላቸው ሰው ወረቀቱን አይቶ «እንኳን ደስ አለዎት፣ ምንም የለብዎትም» አላቸው። ደስ ብሏቸው ሄዱ። ከዓመታት በኋላ ነው እኔ ዘንድ የደረሱት፤ የእጃቸው አንጓ በትንሽ መንሸራተት ተሰብሮ። ያንን አሮጌ ወረቀት አጣጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ይዘውት ነበር። «ልጄ፣ ነፃ ነሽ ተብዬ ነበርኮ» አሉኝ።

ወገኖቼ፣ ወረቀቱ አልዋሸም። ስካኑ አላየም፤ አላየሁም ብሎ ጻፈ። የተሳሳተው «አላየሁም» የሚለውን «የለም» ብሎ ያነበበው ነው። ደማቸው እኮ አልተለወጠም! አድራሻው ስላልተገኘ ባለቤቱ የለም ይባላል?

ኋላ ልምድ ያለው ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። አንገታቸው ተከፈተ፤ አራቱም ቦታ ታየ። በቀኝ በኩል ከምግብ ቧንቧ ጀርባ ተለጥፋ ተገኘች። ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ካልሲየማቸው ከፍ ብሎ አያውቅም።

ስካን ለምን ባዶ ይሆናል? እጢዋ ትንሽ ስትሆን። ቀለሙን እንደ ታይሮይድ ቶሎ የምታጥብ ዓይነት ስትሆን። ከአንድ በላይ እጢ ሲታመም፤ እያንዳንዷ ትንሽ ትንሽ ብቻ ስለምታብጥ። ያነሳው ወይም ያነበበው ሰው ልምድ ሲያንሰው። ከእነዚህ አንዱም «በሽታ የለም» አይልም። ይልቁንም ስካኑ ባዶ ሲሆን ከአንድ በላይ እጢ የታመመ ሊሆን ይችላል ብለን እንጠረጥራለን፤ ቀዶ ሐኪሙም አራቱንም ለማየት ተዘጋጅቶ ይገባል።

ተቃራኒውም አለ። ስካኑ አንድ ነጥብ አሳየ ማለት ሌላ የለም ማለት አይደለም። በተለይ በወጣትነቱ የታመመ፣ ወይም ቤተሰቡ ውስጥ ተመሳሳይ በሽታ ያለበት ሰው ላይ። እዚያ ዘረመሉ ራሱ መመርመር አለበት፤ አራቱም እጢዎች ሊታመሙ ይችላሉና። ጤነኞቹ እጢዎች ደግሞ ስካን ላይ እንደ ደንቡ አይታዩም። «አራቱንም አላሳየኝም» ብላችሁ አትጨነቁ።

ጆን ዶፕማን የሚባል አሜሪካዊ ራዲዮሎጂስት ነበር። እድሜውን ሙሉ እነዚህን እጢዎች ሲፈልግ የኖረ ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ኦፕራሲዮን ለሚሆን ሕመምተኛ የሚያስፈልገው ፍለጋ አንድ ነው፤ እሱም ጎበዝ የፓራታይሮይድ ቀዶ ሐኪም መፈለግ ነው ብሏል። ይህን ያለው ቀዶ ሐኪም ቢሆን ለራሱ ሲያደላ ነው እንል ነበር። ያለው ግን የእኔው ሙያ ሰው ነው! ዘመኑ ተለውጧል፤ መሣሪያዎቹም ከእሱ ጊዜ በእጅጉ ተሽለዋል፤ ዛሬ ስካን ሳያዩ የሚገቡ ቀዶ ሐኪሞች ጥቂት ናቸው። ቁም ነገሩ ግን አልተለወጠም። በዚህ ሥራ የተካነ እጅ አንገቱን በሁለቱም በኩል ከፍቶ ሲያይ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል፤ ስካን ኖረም አልኖረም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁንላችሁ። መጀመሪያ ደሙ ይረጋገጥ። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል ወይ የሚለው ይወሰን። ቀጥሎ ቀዶ ሐኪሙ ይመረጥ። ስካኑን እሱ ይዘዝ፤ የትኛው እንደሚጠቅመው የሚያውቀው እሱ ነውና።

ቀዶ ሐኪሙ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆኖ የሚጠቀምበት አንድ ማረጋገጫም አለ። የፓራታይሮይድ ሆርሞን ደም ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል። እጢዋ ከወጣች በ10ኛው ደቂቃ ደም ይቀዳል። ሆርሞኑ ከግማሽ በላይ ከወረደ ጥፋተኛዋ ወጥታለች። ካልወረደ ሌላ አለች ማለት ነው፤ አንገቱ ሳይዘጋ ፍለጋው ይቀጥላል። ስካኑ የሳተውን ደሙ እዚያው ያርመዋል። አያችሁ? እንደገና ወደ ደም ተመለስን።

የኩላሊት ድካም ኖሯችሁ ዳያሊሲስ ላይ ላላችሁ፣ የእናንተ ጉዳይ ትንሽ ይለያል። እናንተ ላይ አራቱም እጢዎች ናቸው በብዛት የሚያብጡት። ቀዶ ሐኪሙ አራቱንም ስለሚፈልግ ስካኑ የሚጠቅመው ቦታዋን የለቀቀች ወይም ትርፍ እጢ ካለች ለማወቅ ነው።

አንድ ጊዜ ኦፕራሲዮን ሆናችሁ ያልዳናችሁ ደግሞ ስሙኝ። እናንተ ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ለመጀመሪያ ኦፕራሲዮን ባዶ ስካን አያስቀርም ብያለሁ። ለድጋሚ ግን አድራሻው በደንብ ሳይታወቅ መግባት አይመከርም። አንገቱ ጠባሳ አለበት፤ የድምፅ ነርቩ የመጎዳት ዕድል ይጨምራል። ሁለት ምርመራ ቢስማሙ ይመረጣል። ከሁሉ በፊት ግን የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ማስታወሻና የፓቶሎጂውን፣ ማለትም የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የታየበትን፣ ውጤት አምጡ። የትኞቹ እጢዎች ታዩ? የትኛዋ ወጣች? የወጣውስ ነገር ፓራታይሮይድ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ ፍንጩ ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው፤ አዲስ ስካን ሳይነሳ። ፋይሉ ጠፋ ቢሏችሁ አትመለሱ። ጠይቁ፣ ነዝንዙ፣ በጽሑፍ ጠይቁ። መብታችሁ ነው።

አስተባባሪዋ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። እሺ፣ ገብቶኛል። ስለ ባዮቲኑ መጠየቅ የፈለጉ እናት ከፊት እጃቸውን ካወጡ ቆዩ፤ ከእሳቸው እንጀምር። ባዮቲኑን ከስንት ቀን በፊት ማቆም እንዳለባችሁ ግን የምታስመረምሩበትን ላብራቶሪ ጠይቁ፤ እንደ መሣሪያቸው ይለያያል። ማይክሮፎኑን ወደዚህ አምጡልኝ።